ከለቡ እስከ ኦቦክ፣ በጋላፊ መልስ

ሰኞ፣ ከለቡ ወደ ድሬዳዋ

ስለ ባሕር በር ያላወራ ኢትዮጵያዊ ዛሬ ማግኘት ይከብዳል። ታክሲ ውስጥ ይወራል፣ ለቅሶ ቤት ይወራል፣ ቲክቶክ ላይማ አይጠየቅም። እኔም ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬበታለሁ። አሁን ግን ክርክሩን ትቼ ነዳጃችን፣ ዘይታችንና ማዳበሪያችን የሚመጣበትን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማየት ወሰንኩ። በኅዳር ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። በባቡር ልሄድ፣ በመኪና መንገድ ልመለስ።

ባቡሩ በጠዋት ከፉሪ ለቡ ተነሳ። መስመሩ ከሰበታ እስከ ጅቡቲ ናጋድ 752 ኪሎ ሜትር ነው። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ተመረቀ፣ በ2010 ታኅሣሥ መደበኛ ሥራ ጀመረ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። ባቡሩን የሚያስተዳድረው ኩባንያ የሁለት አገር ንብረት ነው፣ 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ። ትርፉም ኪሳራውም የጋራ ነው ማለት ነው፤ የቻይና ባንክ ብድርም አለበት።

መተሐራ ስንደርስ የበሰቃን ሐይቅ በመስኮት አየሁት። ከዓመት ዓመት እየሰፋ ባቡሩንም አስፋልቱንም ሲያስቸግር የኖረ ሐይቅ ነው። ከጀርባው ፈንታሌ ተራራ አለ። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ይህ አካባቢ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናጥ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ያኔ አዲስ አበባ ያለነው ሰዎች ስለ ፎቆቻችን ነበር የምንጨነቀው። የአገሪቱ ዋና የንግድ መስመር፣ ባቡሩም አስፋልቱም ጎን ለጎን፣ በዚሁ በሚንቀጠቀጠው መሬት ላይ እንደሚያልፍ የተናገረ ሰው ግን እኔ አልሰማሁም።

ከጎኔ የተቀመጠችው የድሬዳዋ ነጋዴ ናት። እህቷ ጅቡቲ አግብታ ትኖራለች። ከዚያ ልብስና ሽቶ ታመጣለች፣ ከዚህ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ትወስዳለች። ስለ አካባቢው ፖለቲካ ምን እንደምታስብ ስጠይቃት፣ "እኔ ፖለቲካ አላውቅም ወንድሜ፤ ድንበሩ ከተዘጋ ግን የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ እንደሚቆም አውቃለሁ" አለችኝ። ከአዋሽ ወዲያ ባቡሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ አለ፤ ግመሎች ሐዲዱ ዳር ነበሩ። ከብት በተገጨ ቁጥር ከአርብቶ አደሩ ጋር የካሳ ድርድር አለ። ይህም ራሱን የቻለ የጸጥታ ሥራ ነው፤ ተድበስብሶ ካለፈ በማግስቱ ሐዲዱ ላይ ድንጋይ ይቆለላል።

ማታ ድሬዳዋ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ሻይ ስጠጣ፣ በድሮው ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ጋሼ አገኘሁ። ፈረንሳይኛቸው አሁንም አልጠፋም። የድሮው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ከተማዋን የወለዳት እሱ ነው። ጋሼ ግን ሊያወሩኝ የፈለጉት ስለ ግንባታው ሳይሆን ስለ መቋረጡ ነው። በ1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ሲጀመር ድልድዮቹ ፈረሱ፣ የጅቡቲ መስመር ቆመ። "ያኔ አሰብ ነበረችልን" አሉኝ። ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ በ1990 ግንቦት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ደግሞ አሰብ ተዘጋች። "ያኔ ጅቡቲ ነበረችልን።" ብርጭቋቸውን አስቀመጡና ጠየቁኝ፤ "ዛሬ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ማነው?"

መልስ አልነበረኝም። የሶማሌላንዱ በርበራ አለ፣ የኬንያው ላሙም አለ፣ ፖርት ሱዳንም አለ ይባላል። ነገር ግን ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ገቢና ወጪ ንግዳችን ዛሬም በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። ሱዳን ከ2015 ሚያዝያ ጀምሮ በራሷ ጦርነት ውስጥ ናት።

ማክሰኞ፣ ደወሌን አልፎ

ከድሬዳዋ በኋላ አገሩ ይለያል። ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ። ደረቅ ነው፣ ሜዳው ማለቂያ የለውም፣ ነፋሱ ኃይለኛ ነው፤ አይሻ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ምሰሶዎች ቆመዋል።

አዲጋላ ጣቢያ ላይ ማንም ቱሪስት የሚወርድ አይመስለኝም። እኔ ግን ከጉዞው ሁሉ በጣም ላየው የፈለግኩት ቦታ ይህ ነበር። የጅቡቲ ከተማ የምትጠጣው ውኃ ትልቁ ክፍል እዚህ ነው የሚቀዳው። ኢትዮጵያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ የከርሰ ምድር ውኃ ጅቡቲ በነጻ እንድትወስድ ለ30 ዓመት ፈቅዳለች፤ ቧንቧው በቻይና ብድር ተዘርግቶ በ2009 ሥራ ጀመረ። ከላይ ደግሞ የመብራት መስመሩ አለ፤ ከ2003 ጀምሮ የጅቡቲ መብራት በአብዛኛው ከእኛ ግድቦች ይሄዳል። ወደዚያ ውኃና መብራት፣ ወደዚህ ነዳጅና ኮንቴይነር። የውጭ ጉዳይ መግለጫዎች "ወንድማማች ሕዝቦች" ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔን ያሳመነኝ ግን ያ ቧንቧ ነው። አንዱ አገር ሌላውን ሊያስጠማ ይችላል፣ ሌላውም ሊያስርብ ይችላል፣ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፣ ስለዚህ ተጠንቅተው ይነጋገራሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። አካባቢው የኢሳ ሶማሌ አገር ነው፤ ሲቲ ዞን ይባላል። ኢሳዎች በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ በኩል ይኖራሉ፣ ኡጋሳቸው (ባህላዊ መሪያቸው) ግን አንድ ነው፣ ሕጋቸውም አንድ ነው። ሔር ኢሴ ይባላል፤ ያልተጻፈ፣ በሽማግሌዎች ቃል የቆየ፣ ግጦሽን፣ ደምን፣ እንግዳን ሁሉ የሚዳኝ ሕግ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ዩኔስኮ በቅርስነት መዘገበው። ያቀረቡት ሦስቱ መንግሥታት በአንድነት ናቸው፤ ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያ። ዓመቱን አስቡት። አዲስ አበባና ሞቃዲሾ፣ ኢትዮጵያ ስለ ባሕር በር ከሶማሌላንድ ጋር በፈረመችው የመግባቢያ ሰነድ ምክንያት፣ አምባሳደር እስከ ማባረር የደረሱበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት የሦስቱ አገር ባለሙያዎች አንድ ፋይል ላይ ስማቸውን አብረው አስቀመጡ። ዜናው በኛ አገር ሁለት ቀን እንኳ አልተወራበትም። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የድንበር ጸጥታ እዚህ አገር ከወታደር ካምፕ በላይ የሚጠበቀው በነዚህ ሽማግሌዎች ነው።

ደወሌ ላይ ፓስፖርት ተመታ፣ ሻንጣ ተፈተሸ፣ ረጅም ወረፋ ጠበቅን። ከዚያ አሊ ሳቢህ፣ ሆልሆል፣ ናጋድ። አመሻሽ ላይ አረንጓዴና ነጭ ቀለም ባለው ታክሲ ከተማ ገባሁ። ኅዳር ስለሆነ ሙቀቱ ይቻላል አሉኝ። ለነሱ ይቻላል።

ረቡዕ፣ ጅቡቲ ከተማ

ጠዋት ሾፌሩን "የጦር ሰፈሮቹን አሳየኝ" ብለው ሳቀ። "የትኛውን? የቱ ይቅደም?" አለኝ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት አገር ውስጥ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይና፣ የጃፓንና የጣሊያን ጦር አለ። ፈረንሳዮቹ እ.ኤ.አ. ከ1977ቱ ነጻነት በፊት ጀምሮ አሉ። አሜሪካኖቹ ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ መጥተው ካምፕ ለሞኒዬ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ሰፈሩ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በታደሰው ውል የዓመት ኪራዩ 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተዘግቧል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2011 የመጣችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ከአገሯ ውጭ የመጀመሪያ ሰፈሯን ልትከፍት ነው። ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2017 እንዲሁ፤ የመጀመሪያ የውጭ ጦር ሰፈሯ ከዶራሌ ወደብ አጠገብ ነው። ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ ስልኬን ኪሴ ውስጥ ነው ያዋልኩት።

ይህን ሁሉ ስናይ "ጅቡቲ መሬቷን ሸጠች" ማለት ይቀናናል። ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ትክክል አይመስለኝም። ትንሽ አገር ናት። በሰሜን ከኤርትራ ጋር ተታኩሳለች፣ በደቡብ ሶማሊያ ለሠላሳ ዓመት ስትታመስ አይታለች፣ በምዕራብ ከመቶ ሃያ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው ጎረቤት አላት፣ ማዶ የመን ናት። የሁሉንም ጦር ጋብዛ ማንም ብቻውን እንዳይደፍራት አደረገች። ብልሃት ነው። ዋጋ እንዳለው ግን የከተማው ሰው ራሱ ይነግርሃል፤ ኪራዩ ሰፈር ድረስ አይወርድም፣ ባልባላ ሄደህ ቤቶቹን ማየት ነው።

ዶራሌን ከውጭ አየሁት፣ ክሬኖቹ ከሩቅ ይታያሉ። የኮንቴይነር ተርሚናሉን ያስተዳድር የነበረው የዱባዩ ዲፒ ወርልድ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. የካቲት የጅቡቲ መንግሥት ውሉን ሰርዞ ተረከበው፣ ከዚያ ወዲህ ክሱ አላባራም። ዲፒ ወርልድ ደግሞ ፊቱን ወደ በርበራ አዞረ። ለአንድ ሰሞን እኛም በርበራ ላይ 19 በመቶ ድርሻ አለን ተብሎ ነበር፤ ሳናሟላ ቀረን፣ ድርሻው በ2014 ከእጃችን ወጣ። ከዚህ ሁሉ የምረዳው ወደብ ማለት ውል ማለት እንደሆነ ነው። ውሉን የሚያነብ፣ ጊዜውን የሚጠብቅ፣ ክፍያውን የሚከፍል መሥሪያ ቤት ከሌለህ ባሕሩ ደጅህ ድረስ ቢመጣም አይጠቅምህም።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ከተማው ተለወጠ። ጫቱ ደረሰ። ከአወዳይና ከድሬዳዋ በኩል በየቀኑ ይገባል፣ መኪኖቹ ጥሩምባ እየነፉ ያልፋሉ፣ ሴቶቹ መንገድ ዳር ጠረጴዛቸው ላይ በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑታል። በጫት ላይ ያለኝ አስተያየት ጥሩ አይደለም፤ ሰው ግማሽ ቀኑን ሲያጣ ማየት አልወድም። ጫቱ አንድ ቀን ቢቀር ግን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስልክ እንደማያርፍ የነገረኝ የጅቡቲ ሰው የእውነቱን ነው።

ይህ ሰው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ድሬዳዋ ተምሯል፣ አማርኛው ጥሩ ነው። ፕሬዚዳንታቸው ኢስማኤል ኦማር ጌሌም ድሬዳዋ ነው የተወለዱት። ሻይ ስንጠጣ ረጋ ብሎ ጠየቀኝ፤ "ወንድሜ፣ እናንተ ቀይ ባሕር ስትሉ የቱን ማለታችሁ ነው? የኛንም ነው?" በ2016 ጥቅምት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ስለ ቀይ ባሕር በቴሌቪዥን ሲናገሩ እሱ ቤተሰቡን ሰብስቦ እንደሰማ ነገረኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የኛን ልጆች ቪዲዮ አሳየኝ፤ ካርታ ላይ ጅቡቲን፣ አሰብን፣ ዘይላን በአንድ ቀለም ቀብተው በሙዚቃ ያጀቡት። አፈርኩ። መንግሥታችን ፍላጎታችን በሰላም፣ በሰጥቶ መቀበል ነው ብሎ ደጋግሞ ተናግሯል አልኩት። "መንግሥት የሚለውን ሰምቻለሁ፤ እኔን ያስፈራኝ ሕዝቡ የሚለው ነው" አለኝ።

እኔ የባሕር በር ጥያቄያችን ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የሚያህል ሕዝብ፣ በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ለወደብና ለመተላለፊያ የሚከፍል አገር፣ አስተማማኝና ርካሽ መውጫ መፈለጉ ነውር የለውም። ጎረቤትን በሚያስደነግጥ አፍ ከጠየቅነው ግን ራሳችን ዋጋውን እናስወድደዋለን። በ2016 ታኅሣሥ ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው ሰነድ ምን አስከተለ? ሶማሊያ ተቆጣች፣ ግብጽ በነሐሴ ከሞቃዲሾ ጋር የመከላከያ ውል ተፈራረመች፣ በ2017 መስከረም መጨረሻ የግብጽ፣ የኤርትራና የሶማሊያ መሪዎች አሥመራ ላይ ተቀመጡ። እሳቱን ለማብረድ እስከ አንካራ መሄድ ግድ ሆነ፤ በ2017 ታኅሣሥ መጀመሪያ ኤርዶዋን ሁለቱን አስማሙ። ኢጋድ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ጅቡቲ ነው፣ ታክሲያችን በደጁ አልፏል። ለሁለት ጎረቤታሞች ጠብ ቱርክ ድረስ መሄዳችን አሁንም ያንገበግበኛል።

ሐሙስ፣ ታጁራና ኦቦክ

ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር መኪና ተጋርተን በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ ሄድን። የአሳል ሐይቅ ከመንገዱ ወደ ታች ይታያል፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ጨው ብቻ ነው። የአፋር ነጋዴዎች ለዘመናት ከዚህ ጨው ጭነው ወደ ደጋ ይወጡ ነበር።

ታጁራ ነጭ ትንሽ ከተማ ናት። ወደቡ በ2009 ተመርቋል፣ ለፖታሽ ታስቦ የተሠራ ነው፣ ቆሜ ሳየው የሚጭንም የሚያራግፍም መርከብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2024 የሶማሌላንዱ ውዝግብ ሲከር ጅቡቲ ይህን ወደብ ኢትዮጵያ ታስተዳድረው ብላ አቀረበች። ያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩትና ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽንን የሚመሩት ማሕሙድ ዓሊ ዩሱፍ ናቸው በይፋ የተናገሩት። ከድንበራችን ወደ 100 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ለምን በጥንቃቄ እንዳላየነው አይገባኝም። ምናልባት ባንዲራ የሌለው ወደብ ለዘፈን ስለማይመች ይሆናል። ለሹፌርና ለነጋዴ ግን ይመቻል፤ ከሰመራ ሲታሰብ ከዶራሌ ይቀርባል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ፈቅዶ ያቀረበው ነው።

ኦቦክ ስንደርስ ያለን ወሬ ሁሉ ቆመ። በመንገዱ ዳር የኛ ልጆች ይሄዳሉ። በእግራቸው። አብዛኞቹ ሃያ ዓመት የሞላቸው አይመስሉም፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ አንድ የውኃ ጀሪካን። ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ የመጡ። እዚህ ጀልባ ይጠብቃሉ፣ ወደ የመን ይሻገራሉ፣ ከዚያ ሳዑዲ ለመግባት። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከዚህ ጠረፍ ጥቂት ርቀት ላይ ጀልባዎች እየተገለበጡ በአስር የሚቆጠሩ ሰዎች ደጋግመው ሞተዋል። አንዱን ልጅ "እማማ ያውቃሉ?" አልኩት። "ሳዑዲ ስገባ እደውላለሁ" አለኝ። ከመኪናው ያለንን ውኃና ዳቦ ሰጠናቸው። ወዲያ ማዶ ያለችው ጦርነት ላይ ያለች አገር መሆኗን ነገርኩት፤ ያውቃል። ከየመን በተቃራኒው የሸሹ ስደተኞች ደግሞ እዚሁ ኦቦክ ማርካዚ ካምፕ ውስጥ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሉ። እነዚህ እየሸሹ የመጡበትን ባሕር እነዚያ ይሻገሩታል።

ወደ ሰሜን ብንቀጥል ባብኤል መንደብ ነው፤ ጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው ስፋቱ። ከ2016 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች በመርከብ ላይ መተኮስ ሲጀምሩ ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች በደቡብ አፍሪካ በኩል መዞር ጀመሩ፤ የጭነት ዋጋ ናረ፣ መድን ናረ፣ መርካቶ ድረስ ተሰማ። ከዚያም ወዲያ ራስ ዱሜራ አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2008 ጅቡቲና ኤርትራ የተዋጉበት ኮረብታ ነው። ኳታር ሸመገለች፣ ወታደሮቿን መሐል አስቀመጠች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የባሕረ ሰላጤው አገሮች እርስ በርስ ሲጣሉ ወታደሮቿን በድንገት አወጣች። የኛን ድንበር ሰላም ለሩቅ አገር ስንሰጠው እነሱ ሲጣሉ የኛም አብሮ ይፈርሳል። ድንበር ጠባቂው በቃ አለን፣ ከኦቦክ ተመለስን።

ዓርብ፣ እረፍት

ከተማው ለጁምዓ ዝግ ነበር። ከሰዓት የየመን ምግብ ቤት ገብቼ የተጠበሰ ዓሣ በትልቅ ቂጣ በላሁ፣ ለነገ መንገድ ውኃ ገዛሁ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ቅዳሜ፣ ጋላፊ

ከጅቡቲ ከተማ መውጫ፣ ፒኬ 12 ላይ፣ የኢትዮጵያ ታርጋ ካለበት መኪና ሌላ የለም ማለት ይቻላል። ተሳቢ በተሳቢ። እንጀራ፣ ሽሮ፣ የቴዎድሮስ ካሳሁን ድምፅ፣ በአማርኛ የሚሳደብ ረዳት። በጋራ ታክሲ በዲክሂል በኩል ጋላፊ ደረስኩ፣ ፓስፖርቴን አስመትቼ ወደ አገሬ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ማዳበሪያ የጫነ አንድ ሹፌር አሳፈረኝ፤ ሃያ ዓመት በዚህ መንገድ የሠራ፣ ዝምተኛ፣ ጥሩ ሰው።

ዲቼቶ አካባቢ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ እኛ የመጣንበት ነው። ሌላው በኤሊዳርና በማንዳ አድርጎ ቡሬ ይደርሳል፣ ከቡሬ አሰብ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ በእጁ አሳየኝ። አባቱ በዚያ መንገድ የአሰብ ሹፌር ነበር። መንገዱ ባዶ ነው፣ አንድ መኪና አላየንበትም። በ2011 መስከረም 1 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩና ፕሬዚዳንት ኢሳያስ ቡሬ ላይ ከወታደሮቻቸው ጋር አዲስ ዓመት ሲያከብሩ ሹፌሩም መኪናውን አጥቦ አሰብ ሊሄድ ተዘጋጅቶ ነበር። ከወራት በኋላ ተዘጋ። አሁን በሁለቱም በኩል የሚሰማው የጦርነት ወሬ ነው፤ በ2018 መስከረም የኛ መንግሥት ኤርትራ ለጦርነት እየተዘጋጀች ነው ብሎ ለተባበሩት መንግሥታት ጽፏል፣ አሥመራ ደግሞ ወደብ ሊቀማኝ የሚፈልገው እሱ ነው ትላለች።

ቡሬ ግንባር ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሞቱትን ወጣቶች ቁጥር ማንም በትክክል አልነገረንም፤ በጠቅላላው ጦርነት በአስር ሺዎች ናቸው። ከሁለቱም ወገን። አሰብ ግን ያው ዝግ ናት፣ ያ ሁሉ ደም አንድ ኮንቴይነር አላሳለፈም። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ፣ በተለይ ውጭ አገር ሆኖ "እንውሰዳት" እያለ የሚጽፍ ሰው፣ እባክህ ይህን መንገድ አንድ ጊዜ መጥተህ እየው። መጀመሪያ የሚቃጠለው አፋር ነው። አፋር በኢትዮጵያም፣ በኤርትራም፣ በጅቡቲም ያለ አንድ ሕዝብ ነው፤ የትኛውም ጦር ቢተኩስ የሚመታው የሱን ዘመድ ነው። በ2017 ጥር የጅቡቲ ጦር በዚህ በኤሊዳር አቅጣጫ ድንበር ላይ በድሮን ስምንት ታጣቂዎች ገደልኩ ሲል ሲቪሎችም እንደተጎዱ አምኗል። ጅቡቲ በኔ ግዛት ውስጥ ነው አለች፣ የዚህ አካባቢ ሰዎች በኛ በኩል ነው አሉ። ወዳጅ ከሚባል ጎረቤት ጋር እንኳ እንዲህ ነው።

ማታ ሎጊያ አደርን። የሹፌሮች ከተማ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሞተር አይጠፋም።

እሑድ፣ ሚሌ፣ አዳይቱ፣ አዋሽ

ሚሌ ላይ ቁርስ። በ2014 ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሊደርስባት የነበረችው ይህች ኬላ ናት፤ የትግራይ ኃይሎች ሚሌን ይዘው መንገዱን ሊቆርጡ ይዋጉ ነበር፣ አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ ያልቃል ተብሎ ሰው ተጨንቆ ነበር። ሹፌሩ ያኔ ጅቡቲ ውስጥ ነበር፣ መመለስ ፈርቶ ሳምንታት እዚያው ተቀመጠ።

ከሚሌ ወደ ታች አዳይቱ፣ ኡንዱፎ፣ ገዳማይቱ ይመጣሉ። አፋርና ሶማሌ ክልሎች ለዓመታት የሚወዛገቡባቸው ሦስት ከተሞች ናቸው፤ ሦስቱም በዚሁ አስፋልት ላይ። በ2013 ሐምሌ ገዳማይቱ ላይ ደም ሲፈስ በሶማሌ ክልል የተቆጡ ወጣቶች ባቡሩንም መንገዱንም ዘግተውት ነበር። የዓለም ትልልቅ ጦሮች ጅቡቲ ላይ ተቀምጠው የባሕሩን መንገድ ይጠብቃሉ፣ እዚህ ግን በጥቂት ወጣቶችና በድንጋይ ሁሉም ነገር ቆመ። ስለ ባሕር በር ስናወራ እነዚህ የግጦሽና የውኃ ጥያቄዎች ለምን እንደማይነሱ አላውቅም። ወደቡ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ወታደሮች ሁለት ቦታ አስቆሙን፣ ሰነድ አይተው አሳለፉን። ማታ አዋሽ ሰባት።

ሰኞ፣ ሞጆ

ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ሹፌሩ መኪናውን ጥግ አስያዘ። እኔ ሚኒባስ ይዤ አዲስ አበባ ልገባ ነው፣ እሱ ግን ጭነቱ ገና አልደረሰም፤ ማዳበሪያው የሚራገፈው አማራ ክልል፣ የገበሬዎች ዩኒየን መጋዘን ነው። ከጋላፊ እስከዚህ አንድም ጊዜ ሲፈራ አላየሁትም። አሁን ግን ስልኩ ላይ ነው፣ የቀደሙትን ሹፌሮች እየደወለ መንገዱን ይጠይቃል። የት ተተኮሰ፣ የት ሰው ታገተ፣ የትኛው ድልድይ ክፍት ነው። በየአቅጣጫው ባልደረቦቹ ታግተው ቤተሰብ ብር ሲለቅም አይቷል።

"እስከ መቼ ትጠብቃለህ?" አልኩት።

"እጀባ እስኪመጣ" አለኝ። "ሃያ ሠላሳ መኪና ስንሆን ወታደር ከፊትና ከኋላ ሆኖ ይወስደናል። ገበሬው ግን ለዘር ይፈልገዋልና ብዙ አያስጠብቀንም መሰለኝ።"

የምሳ ሒሳቡን ልከፍል ስል እምቢ አለኝ፣ ተከራክረን ግማሽ ግማሽ ከፈልን።